«ጥሩ ነው» ያሉኝ ሰዎች

ምስጋና ለሥራዬ እንቅፋት ነው ብል ምስጋና ቢስ እባል ይሆናል። እውነቱ ግን ይኸው ነው። የስልክ አፕ ዲዛይነር ነኝ፤ ሰው ብር ሲልክም ሆነ የመብራት ሂሳብ ሲከፍል ስክሪኑ ላይ ምን እንደሚያይ፣ ምኑን ተጭኖ ወዴት እንደሚያልፍ የማስብ ሰው ነኝ። ያሰብነው ነገር ወደ ፕሮግራመሮቹ ከመሄዱ በፊት ለሰዎች ሰጥተን እናስሞክራለን። በዚህ ማስሞከር ያሳለፍኳቸው ዓመታት ስለ ስክሪን ካስተማሩኝ ስለ ይሉኝታ ያስተማሩኝ ይበልጣል።

ዘዴው በመጻሕፍት ሲነበብ ቀላል ነው። ለተጠቃሚው አንድ ሥራ ይሰጠዋል፤ «ለወንድምዎ 500 ብር ይላኩ» እንደማለት። እየሠራ በልቡ የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብሎ እንዲናገር ይለመናል። ዲዛይነሩ ዝም ብሎ ያያል፣ ይጽፋል። የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ክሌይተን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1982 ወደ ኮምፒውተር ሥራ ያመጣው ይህ ዘዴ ዛሬም ከሙያው ዋና መሣሪያዎች አንዱ ነው።

እኛ ዘንድ ግን መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የቢሮ ሠራተኛ ፊቱ ተቀምጣ እየጻፈች ጮክ ብሎ የሚያስብ ሰው ማግኘት ይከብዳል። አንዲት በእናቴ ዕድሜ ያሉ የጉሊት ነጋዴ ስልኩን ተቀብለው ቁጥር አስገቡ፣ መጠኑን ጻፉ፣ ከዚያ አውራ ጣታቸው ከ«ቀጥል» በላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ቀና ብለው አዩኝና ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ይባርክሽ፣ ጎበዝ ነሽ። የኔ ዓይን ነው እንጂ ሥራሽስ ጥሩ ነው» አሉኝ። ብሩ አልተላከም። ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ እንዲሰጡ ስጠይቃቸው ግን አምስት ሰጡኝ።

በዚህ መልስ ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንዱን ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመ መጽሐፉ አንሥቶታል፦ ሰው መጥፎ የተሠራ ዕቃ ሲያስቸግረው ዕቃውን ትቶ ራሱን ይወቅሳል። ሁለተኛውን እኛ እናውቀዋለን። ሰው ቤት ተጋብዘን ወጡ ጨው ቢበዛበት «እጅሽ ይባረክ» ብለን እንደምንነሣ ሁሉ፣ የሰውን ሥራ ፊት ለፊት ማጣጣል ነውር ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ ሊታረም የሚገባውም ሰዎቹ ሳይሆኑ የእኛ አጠያየቅ ነበር።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በሙያችን አምስት ሰው ካስሞከርክ ይበቃል የሚል እምነት አለ። ምንጩ ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈው ጽሑፍ ሲሆን፣ መሠረቱ እሱና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ያወጡት ስሌት ነው። እንደ ስሌቱ አንድ ሞካሪ አንድን ችግር የማሳየት ዕድሉ በአማካይ 31 በመቶ ነው፤ ስለዚህ አምስት ሰዎች 85 በመቶ ያህሉን ችግር ያወጣሉ። ብዙዎቻችን አምስትን ይዘን 31ን ረሳነው። ይሉኝታ ያንን 31 ወደ 10 ቢያወርደው አምስቱ ሰዎች የሚያሳዩን 41 በመቶውን ብቻ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ችግር በምርቃት ተሸፍኖ ያልፋል።

መላው የመጣው ሁለት ሰው አንድ ላይ ከማስቀመጥ ነው። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ናኦሚ ሚያኬ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመችው ጥናት፣ የልብስ ስፌት ማሽን እንዴት እንደሚሰፋ ጥንድ ጥንድ ሆነው ለመረዳት የሚሞክሩ ሰዎችን ወግ ተከታትላለች። ሁለት ሰው ሲነጋገር ሐሳቡ ሳይለመን ይወጣል። እኔም ለጎረቤታሞች አንድ ስልክ ሰጥቼ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

«ተይ አትንኪው! ከነካሽው ብሩ ሄደ ማለት ነው።»

«ለማን ነው የሚሄደው? ስሙን መች አሳየን?»

በቃ፣ መልሱ ይኸው ነበር። «ቀጥል» የሚለው ቁልፍ ወዴት እንደሚያስቀጥል አይናገርም፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ ከስልክ ቁጥር በቀር የተቀባዩ ስም የለም። አንድ አሃዝ ቢሳሳት ብሩ የማን ኪስ እንደሚገባ ማን ያውቃል? ለእኔ ይህን መንገር ወቀሳ ነው፤ ለጎረቤት መንገር ግን ወግ ነው።

የተቀባዩን ስምና የብሩን መጠን አጉልቶ የሚያሳይ፣ ቁልፉም «ላክ» የሚል አንድ ገጽ ይጨመር ስንል ሌላ እምነት ተነሣብን፦ «ከሦስት ጠቅታ በላይ ከሆነ ሰው ትቶ ይሄዳል» የሚለው። ጆሹዋ ፖርተር ይህን እ.ኤ.አ. በ2003 ፈትሾት ሰዎች ትተው መሄዳቸውም ሆነ መርካታቸው ከጠቅታው ብዛት ጋር አለመያያዙን አሳይቷል። እኛም ገጹን ጨመርን። መንገዱ ረዘመ፤ ጣት አየር ላይ መንጠልጠሉ ግን ቀረ። ብር የሚልክ ሰው እርምጃ አይቆጥርም፤ የረገጠው መሬት ጠንካራ መሆኑን ነው የሚፈልገው።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች ልማዶችም ያዝኩ። «ወደዱት?» ብዬ አልጠይቅም፤ «ባለፈው ብር ሲልኩ እንዴት አደረጉ?» እላለሁ። ያኔ «ልኬ ‹ገባልህ?› ብዬ ደወልኩ» ይሉኛል፤ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር የማረጋገጫው መልእክት ሊያሳምናቸው እንዳልቻለ ይነግረኛል። አንድ ሥራ ብቻ ከማቅረብ ሁለት ዓይነት አድርጌ አቀርባለሁ፤ አንዱን መምረጥ ማንንም መንቀፍ አይደለምና ምላስ ይፈታል። ሥራውን ያልሠራ ባልደረባ እንዲያስሞክር አደርጋለሁ፤ «ይህን የሠራሁት እኔ አይደለሁም» ሲል እውነቱን ነው። ቢሮ ከመጥራትም ሱቃቸው ድረስ እሄዳለሁ፤ እዚያ እንግዳዋ እኔ ነኝ።

ጥንድ ማስቀመጥም ወሰን አለው። የሚስጥር ቁጥሩን ለጎረቤት የሚያሳይ የለም፤ ብዙ ሰውም ብር የሚልከው ብቻውን፣ በሥራ ወይም በታክሲ ወረፋ መካከል ነው። ስለዚህ ችግሩን በጥንድ ካገኘን በኋላ ማስተካከያውን በነጠላ እንፈትናለን፤ ያኔ የምንመዘግበው ሰውየው ያለውን ሳይሆን የሠራውን ነው። ሪፖርታችንም ለአድናቆት ቦታ የለውም። ስብሰባ ላይ «ተጠቃሚዎች በጣም ወደውታል» የሚል ሰው ሲነሣ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ብሩ ደረሰ?