ኳስ ለሚወዱ ልጆቻችን የይድነቃቸውን ታሪክ እንንገራቸው

«ኳሱን ተውና ቁጭ ብለህ አጥና» የማይባልበት ቤት ጥቂት ነው። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ ኮልፌ ቀራኒዮ የልጅ ልጆቼን ስጠብቅ ይህን ጭቅጭቅ በየቀኑ እሰማለሁ። ነርስ ሆኜ ስሠራ ስንት የተላጠ ጉልበትና የተሰበረ ክንድ ስላየሁ የወላጆች ስጋት ይገባኛል። ነገር ግን ኳስና ደብተር ጠላቶች እንዳልሆኑ የሚያስረዳ የአንድ ሰው ታሪክ አለን።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በዕንቁጣጣሽ ዕለት ጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥምና በዜማ የታወቁ፣ ድምፃቸውንም ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹ ነበሩ። ልጃቸው ግን ልባቸው ኳስ ላይ ነበር። ቅዱስ ጊዮርጊስ በ1928 ዓ.ም. ሲመሠረት ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ለዚሁ ክለብም ረጅም ዓመታት ተጫወቱ። ወዲያው ጠላት ገባ። በወረራው ዘመን የአገሬው ልጆች ከነጮቹ ተለይተው እንዲጫወቱ ተደረገ። አቶ ይድነቃቸው የዘር መድልዎን በወጣትነታቸው እዚያው ሜዳ ላይ አዩት።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። አባላቱ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። አቶ ይድነቃቸውም አፓርታይድ ከዓለም እግር ኳስ እንዲገለል ለዓመታት ተሟገቱ።

ጥር 1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ የቡድናችን አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ። በፍጻሜው ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ሁለቱንም ጊዜ አቻ አደረግን። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው 4 ለ 2 አሸነፍን። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ እዚሁ ኮልፌ፣ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር፣ ወታደራዊ ሥልጠና ይወስዱ ነበር። እሳቸው አፓርታይድን በጠመንጃ ለመታገል ሲሰለጥኑ፣ አቶ ይድነቃቸው በስብሰባ አዳራሽ ይታገሉት ነበር።

በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉበት ጊዜ ድረስም መሩት።

እንግዲህ ለልጆቻችን ይህን እንንገራቸው። አቶ ይድነቃቸውን ሰው ያወቃቸው በእግራቸው ነው። የውጭ አገር ሰዎች ፊት ቆመው አገራቸውንና አፍሪካን ያስከበሩት ግን በንባብ፣ በቋንቋና በንግግር ነው። እግር ይደክማል፤ የተማረ አእምሮ ግን ከሜዳ ከወጡም በኋላ ያገለግላል። ስለዚህ ኳሱን ከልጁ አንቀማው፤ የጨዋታና የጥናት ሰዓት እንለይለት። ማታ ሲገባም ጉልበቱን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥበንለት ደብተሩን እናቅርብለት።