ድምፅ የሚጠፋበት አቅጣጫ

ለሰርቦ ሰው አውሮፕላን ማለት የጅማ አውሮፕላን ነው፤ ሌላው ሁሉ አላፊ መንገደኛ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር ዲሲ-3 አውሮፕላኖች ነበሩት፤ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መስመሮቹም አንዱ ጅማ ነው። የእነዚያን አውሮፕላኖች ፎቶግራፍ ልብ ብላችሁ እዩ። በብዙዎቹ አካል ላይ እንቁላል የመሰለ ቅርፊት ተለጥፏል። ውስጡ የሽቦ ቀለበት አለ፤ አቅጣጫ ጠቋሚው አንቴና እሱ ነው።

ቀለበቱ ጠርዙን ለጣቢያው ሲሰጥ ሞገዱ አንዱን ጎን ቀድሞ፣ ሌላውን ዘግይቶ ይመታል፤ ከልዩነቱ ድምፅ ይገኛል። ፊቱን ሲሰጥ ግን ሁለቱን ጎን እኩል ይመታና ይጣፋሉ። ጸጥ! የጥንቱ የበረራ መንገድ መሪ የሚያድነው ይህንን ጸጥታ ነበር። ጩኸቱ በሰፊው ስለሚንሰራፋ አያስተማምንም፤ ጸጥታው ግን ጠባብ ነው።

እኔ ይህን ያመንኩት በአያቴ ሬዲዮ ነው። በውስጧ ሽቦ የተጠመጠመበት ጥቁር የፌራይት ዘንግ አለ፤ የዚያ ቀለበት ታናሽ ወንድም በሉት። አያቴ የቡና ዋጋ ለመስማት ጀንፈሉ ከተሰጣበት አጠገብ ያስቀምጧት ነበር። ጫፏ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ አዲስ አበባ ሲያመለክት ድምፁ ድርግም ይላል፤ ጎኗን ስትሰጥ ይመለሳል። ጉዱ ግን ወዲህ ነው፦ ጫፏን ወደ ደቡብ ምዕራብ ብታዞሯትም ያው ጸጥታ ነው። ታዲያ ጣቢያው ከፊት ነው ከኋላ?

ባለፈው ክረምት እናቴ አዲስ አበባ ታክማ ስትመለስ ደመናው ሰርቦ ላይ ተደፍቶ ነበር። ድምፁን ሰማን እንጂ ክንፉን አላየንም። ዞረ፣ ዞረና ወደ መጣበት ሄደ። አያቴ ሬዲዮዋን ዘጉ። እናቴ የገባችው በማግስቱ ነው። በእርግጥ የዛሬ አብራሪ በአንዲት መርፌ አይመራም፤ ሳተላይትም አለለት። ቢሆንም ከዚያ ቀን ወዲህ የፊትና የኋላው ነገር ለእኔ የፈተና ጥያቄ ብቻ መሆኑ ቀረ።

መላው ሁለተኛ አንቴና ነው፤ ከየአቅጣጫው እኩል የሚቀበል ተራ ሽቦ። ከቀለበቱ ጋር ሲደመር በአንድ ወገን ያጠነክረዋል፣ በተቃራኒው ያደክመዋል፤ ፊትና ኋላ በዚህ ይለያል። መብረቅ ግን ይህንንም ያሳስታል። ብልጭታው ራሱ የሬዲዮ ሞገድ ስለሚረጭ መርፌዋ ጣቢያውን ትታ ወደ ነጎድጓዱ ልትዞር ትችላለች፤ የጅማን ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

ዶርም ውስጥ መካከለኛ ሞገድ የምትስብ ሬዲዮ ያለው በቀን ይሞክራት። ማታ ሞገዱ ከላይኛው አየር እየነጠረ ስለሚመለስ አቅጣጫው ይዋልላል፤ አዲስ አበባን ሲፈልግ ካርቱም ይገኝ ይሆናል።