ዘማሪና እንጀራው

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉትን ሰዎች ስትቈጥር ከማን ትጀምራለህ? ብዙ ሰው ከሰባኪው ይጀምርና ቀጥሎ ዘማሪውን ይጠራል። በዛሬው ጊዜማ ዘማሪው ከሰባኪው ቀድሞ የሚጠራበት ከተማ ብዙ ነው። ድምፁ በየቤቱና በየመኪናው ይሰማል፤ ፎቶግራፉም በየግድግዳው ይለጠፋል። ስለዚህ መልካም ድምፅ ያለው ልጅ ሁሉ ዘማሪ ለመሆን ቢመኝ የሚያስደንቅ አይደለም። ነገር ግን ዘማሪ ለመሆን ስንት ዘመን እንደሚፈጅ፥ በዚያም ዘመን ውስጥ የዘማሪውን እንጀራ ማን እንደሚጋግር የሚጠይቅ ወጣት እምብዛም አላጋጠመኝም።

እኛ የሐይቅና የአምባሰል ሰዎች ይህን ነገር ለመመርመር ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን የጸሎት ቦታ ብቻ ሳይሆን የታወቀ ትምህርት ቤት ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከዚያ ከተማሩት አንዱ ናቸው። በአምባሰል ደግሞ ግሸን ደብረ ከርቤ አለች። መስከረም 21 ቀን ሕዝቡ ከየአገሩ ተጕዞ ያንን አቀበት ሲወጣ፥ ሊቃውንቱ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፥ መቋሚያቸውን ተደግፈው፥ ጸናጽል እያንሿሹ ሲያሸበሽቡ ያያል። ያይና ይደሰታል፤ ተሳልሞም ይመለሳል። ከዚያ ማሕሌት በስተ ኋላ ያለውን ዘመን ግን አያይም።

ያ ዘመን የሚጀምረው ልጁ ከእናቱ ቤት በወጣ ቀን ነው። ለምድ ለብሶ፥ አኩፋዳ አንግቶ፥ በማያውቀው አገር «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ውሻ ያባርረዋል፤ ያገኘውን ቍራሽ በጎጆው ተካፍሎ ይበላል። ሌሊት ተነሥቶ ከመምህሩ አፍ ዜማውን ይቀበላል። ጾመ ድጓውን፥ ምዕራፉን፥ ድጓውን፥ ከዚያም በየትምህርት ቤቱ ዝማሬና መዋሥዕቱን፥ አቋቋሙን ሲቀጽል ጢም ያወጣል። የድጓ ምስክር ለመሆን ደግሞ እስከ ጋይንት ቤተ ልሔም ድረስ ይሄዳል። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፥ ማለት በ16ኛው መቶ ዓመት፥ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሩት ምልክት ከቃሉ በላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፎ ይገኛል፤ ሆኖም ምልክቱ ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው እንጂ ላልሰማ ሰው መምህር አይሆንም። ቅዱስ ያሬድ ዛፍ ልትወጣ ደጋግማ ወድቃ በመጨረሻ የወጣችውን ትል አይቶ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ የሚለውን ታሪክ የማያውቅ የለም። ሰነፍ ተማሪ የገጠመው መምህር ሁሉ ይህችን ትል ይጠቅሳታል፤ እኔም ሳልጠቅሳት ያለፈ ዓመት ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የተማረው መሪጌታ ምን ይበላ ነበር? ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን መሬት ነበራት፤ የሚያገለግለውም ሰው እንደ ማዕረጉ ከመሬቱ ይጠቀም ነበር። ይህ ሥርዓት ጭሰኛውን ያስጨነቀ መሆኑን መካድ አይገባም፤ ባለ መሬት ሆኖ የዘመረውን ሲያበላ፥ ያረሰውን ያስርብ ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ያ መተዳደሪያ ቀረ፤ አገልጋዩም ከምእመናን በሚሰበሰበው ገንዘብ የሚኖር ሆነ። በየገጠሩ ያለው መሪጌታ ቀን እያረሰ ሌሊት ይቆማል። ሕዝቡ ደብተራውን «ክታብ ጻፊ፥ ሥር ማሽ» እያለ ማማት ይወዳል። ነገር ግን ሃያ ዓመት የተማረውን ሰው በባዶ እጁ ያሰናበተው ማን እንደ ሆነ ሐሜተኛው ራሱን ሲጠይቅ አልሰማሁም።

እኔ ያደግሁት በዚያ ማሕሌት ውስጥ አይደለም፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት በእግር በሚረገጥ ኦርጋን መዝሙር የተማርሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ወደ ራሴ ወገን ልምጣ። በአሜሪካ ከተሞች ያለውን ትልቅ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመለከተ ሰው ዋናው መጋቢ፥ የወጣቶች አገልጋይ፥ የሙዚቃ አገልጋይ፥ ኦርጋን መቺው በአንድ የሠራተኞች መዝገብ ተጽፈው ያገኛቸዋል። የባፕቲስቶች ልማድ ጉባኤው ራሱ ተሰብስቦ እንዲወስን ስለ ሆነ፥ የሚከፈላቸውን ደመወዝ የሚያጸድቀው ምእመኑ ነው። የመዘምራኑ መሪ የሙዚቃ ትምህርት የተማረ፥ አንዳንድ ጊዜም እንደ መጋቢው እጅ የተጫነበት ሰው ነው። ባፕቲስቶች በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ማብቂያ ወደ መንዝ መጥተው ስለ ነበር ስማቸው ለአማራ አገር እንግዳ አይደለም። ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት በአገራችን ወንጌላውያን ዘንድ በሙሉ አልተተከለም። መጋቢውና ወንጌላዊው ትንሽም ቢሆን ደመወዝ አላቸው፤ የመዘምራን ቡድኑ ግን በነጻ ያገለግላል።

መጀመሪያ የተዘመረውም ከውጭ አገር የተተረጐመ መዝሙር ነበር። ቃሉ አማርኛ፥ ዜማው የሌላ። ይህ ምን ጕዳት አለው የሚል ቢኖር አንድ ምሳሌ ልስጠው። «ይሰማል» የሚለውን ቃል አላልተን ስንናገረው አምላክ ጸሎታችንን ያደምጣል ማለት ነው፤ አጥብቀን ስንናገረው ግን ድምፅ ለጆሮ ይደርሳል ማለት ይሆናል። «ይበላል» የሚለውም እንዲሁ በላተኛውን ከምግቡ የሚለየው መጥበቅና መላላቱ ነው። ፊደላችን ይህን አይጽፍም፤ አንደበት ብቻ ይጠብቀዋል። ለእንግሊዝኛ ወይም ለስዊድንኛ ቃል የተሰፋ ዜማ የላላውን ሲያጠብቅ፥ የጠበቀውን ሲያላላ፥ ዘማሪው ሳያውቀው ሌላ ነገር ይናገራል። የያሬድ ልጆች ከመምህር አፍ ካልተቀበልን አንዘምርም ማለታቸው ያለ ምክንያት እንዳልሆነ የገባኝ ብዙ ዘመን ካስተማርሁ በኋላ ነው።

በኋላ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ ወጣቶች፥ ከእነርሱም መካከል የሙሉ ወንጌል መዘምራን፥ የራሳቸውን መዝሙር መድረስ ጀመሩ። የአገራችን አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰል፥ አንቺ ሆዬ እንደሚባሉ ታውቃለህ። ከአራቱ ሁለቱ በወሎ ስፍራ ስም የተጠሩ ናቸው። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው፤ ከመነሻው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ስለ ሆነ ጆሮን ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይይዛል። ማሪቱ ለገሰ በዚህ ቅኝት ስታዜም የሰማ ሰው የምለውን ያውቃል። አዝማሪው በማሲንቆ የሚጫወትበት ቅኝት ወደ ወንጌላውያን ጉባኤ ሲገባ ያጕረመረሙ ሽማግሌዎች ነበሩ። በእኔ አስተያየት ማጕረምረማቸው ትክክል አልነበረም፤ ቃሉ ከዜማው ጋር የታረቀው በዚህ ነውና።

እነዚያ ወጣቶች ደመወዝ አልነበራቸውም፤ ዋጋ ግን ከፍለዋል። ሙሉ ወንጌል በደርግ ሲዘጋ የመዘምራኑ ማኅበር ተበተነ፤ ምእመናን በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምሩ ጀመር። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው ተገደሉ። ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። አሳሪዎቹ ከሰባኪው ጋር ዘማሪውንም ማሰራቸው የመዝሙርን ጕልበት ከብዙ ምእመን ይልቅ እነርሱ ዐውቀውት እንደ ነበር ያሳያል።

ዛሬ እስራቱ የለም፤ ሌላ ነገር መጣ። ቤተ ክርስቲያኑ ደመወዝ ስለማይከፍለው ዘማሪው በጥሪ ይኖራል። ሕዝብ ወደሚበዛበት፥ በፖስታ የሚሰጠው ወፈር ወደሚልበት ይሄዳል። መጋቢው «ዘማሪዎቻችን ተቅበዘበዙ» ብሎ ከመድረክ ይወቅሳል። ወቀሳው እውነት አለበት፤ ግን የወር ደመወዙን የሚቀበል ሰው የወር ደመወዝ የሌለውን ስለ መቅበዝበዝ ሲወቅስ በመጠኑ ማፈር ይገባዋል።

ከጥቂት ዓመት በፊት በአንዲት ትንሽ ጉባኤ መዘምራን ውስጥ ያለች የሐይቅ ልጅ ምክር ልትጠይቀኝ መጣች። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጎረቤቶቿ እስላሞች ስለ ሆኑ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መንዙማ እየሰማች አድጋለች፤ ድምፅዋም ያንን ትምህርት በደንብ ይዟል። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሰው መዝሙሯን ሊያስቀርጽላት፥ ትምህርቷንም ትታ እንድትከተለው ነግሯታል። «ጋሼ፥ ይህ ዕድል ዳግመኛ ባይመጣስ?» አለችኝ። ልትቀርጸው ያሰበችውን መዝሙር አዚሚልኝ አልኋት። አዜመች፤ ያማረ ነበር። ከመካከሉ ግን «ይሰማል» የሚለውን አጥብቃ አለፈችው። ያለችው ምን እንደ ሆነ ስነግራት ዝም አለች፤ ደጋግማም ለራሷ በቀስታ ሞከረችው። ከዚያ ስለ ሰውየው ብዙ አልተናገርሁም። ምን ትበያለሽ፥ የት ታድሪያለሽ፥ ትምህርትሽን ማን ያስጨርስሻል ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። ለአንዱም መልስ አልነበራትም።

የጉባኤው ሽማግሌዎች በዚያ ዓመት ድምፅ ማጉያ ሊገዙ ገንዘብ አጠራቅመው ነበር። ሄጄ ገንዘቡ ለልጅቱ የትምህርት ወጪና ደሴ ሄዳ ሙዚቃ ለምትማርበት እንዲውል ለመንኋቸው። ተከራከሩ። አንደኛው «በነጻ የተቀበሉት ጸጋ እንዴት በገንዘብ ይሆናል?» አለ። ሌላው፥ አናጢ ነው፥ «እኔም እጄን በነጻ ተቀብያለሁ፤ መጋዙን ግን ገዝቼዋለሁ» ሲል መለሰለት። ከብዙ ንግግር በኋላ ገንዘቡን ከሁለት ከፈሉት።

ልጅቱ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ደሴ የሂሳብ ሥራ ተማረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ እየመጣች ሕፃናቱን ታስዘምራለች፤ ለትራንስፖርትና ለምሳ ከጉባኤው ይከፈላታል። አስቀርጻለሁ ያላት ሰው ተመልሶ አልመጣም። ድምፅ ማጉያው የተገዛው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እርሱም አሮጌ ነው፥ አልፎ አልፎ ያፏጫል።