ሦስት ነፍጥ

ትናንት ማታ የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራይ» ፊልም (1954 እ.ኤ.አ.) ደግሜ አየሁት። ሳሙራዮቹ የሚዋጓቸው ሽፍቶች ያላቸው ሦስት ነፍጥ ብቻ ነው፤ በሚጤስ ገመድ የሚለኮስ፣ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ እንደገና እስኪጎርስ ጊዜ የሚፈጅ። ግን ከሰባቱ የሚሞቱት አራቱም የሚወድቁት በጥይት ነው። በሰይፍ የሞተ አንድም የለም!

ኪዩዞ፣ ያ ዝምተኛ የሰይፍ ጌታ፣ ሌሊት ብቻውን ሄዶ አንዱን ነፍጥ ማርኮ ይመጣል። በመጨረሻው ውጊያ የሽፍቶቹ አለቃ ከጎጆ ውስጥ ተኩሶ ይጥለዋል። (ዝናብ ገመዱን ያጠፋዋልና ተኳሹ ጣሪያ ሥር መሆኑ ልክ ነው።) እዚህ ጋ ስደርስ ሁሌም ሆዴ ይባባል።

ይህን ዓይነቱን ነፍጥ ጃፓን ያስገቡት ፖርቱጋሎች ናቸው፤ በ1543 እ.ኤ.አ.። በዚያው ዓመት በወይና ደጋ ጦርነት የፖርቱጋል ነፍጠኞች ከአፄ ገላውዴዎስ ጎን ተሰልፈው ይዋጉ ነበር።