ስም የሌለው ፎቶ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ የጤፍና የስንዴ ማሳውን፣ የባሕር ዛፉን ተክል እያቋረጠ ደብረ ኤልያስ ያደርሳል። ወረዳው በደቡብ በኩል እስከ ዓባይ ይዘልቃል። ከተማዋ ትንሽ ብትሆንም በቅኔ ስሟ የገነነ ነው። «አፋጀሽኝ» የተሰኘውን ቴአትር የደረሱት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱት እዚሁ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ የደብረ ኤልያሱ ነው።

እኔ የሄድኩት ዘመድ ልጠይቅ ነበር። ካረፍኩበት ቤት ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ትልቅ ፍሬም አለ። በአንድ መስታወት ሥር ከሃያ የማያንሱ ፎቶዎች ተደራርበዋል፤ ሙሽሮች፣ ጋዋን የለበሰ ተመራቂ፣ ወታደር፣ የስቱዲዮ የሐይቅ ሥዕል ጀርባ አድርገው የቆሙ እኅትማማቾች፣ ከመታወቂያ የተላጠ ጉርድ ፎቶ። ጭሱ አጠይሟቸዋል፤ አንዳንዱንም እርጥበት ከመስታወቱ ጋር አጣብቆታል። እንዲህ ያለ ፍሬም በብዙዎቻችን ቤት አለ።

የቤቱ እናት ሰማንያን አልፈዋል፤ ዓይናቸውንም ሞራ ጋርዶታል። በፍሬሙ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ሁሉ በስም የሚያውቁ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ስለዚህ ከሰዓቱን ከልጅ ልጃቸው ጋር ሆነን ፎቶዎቹን በእጅ ስልክ ወደ ትዝታ አልበም መገልበጥ ጀመርን። እሳቸው ማየት ስለማይችሉ ልጅቷ የምታየውን ትነግራቸዋለች።

«እማየ፣ ካኪ የለበሰ፣ ጢም ያላበቀለ ልጅ አለ።»

«ከጎኑ አካፋ የያዘ ሰው አለ?»

«አለ።»

«እንግዲያስ ወንድሜ ነው። ዘማቾቹ ናቸው ያነሱት።»

የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችን ወደ ገጠር ያሰማራው ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ ስለሆነ፣ ከአንድ ቃል የሰውየውም ስም የፎቶውም ዘመን ተገኘ። ሐይቁ ሥዕል ፊት ከቆሙት የአንደኛዋ ስም ግን ጠፋ። እናትየው ስለ ነጠላዋ አጣፋ፣ ስለ ሹሩባዋ፣ ስለ አንገቷ ማተብ ደጋግመው ቢጠይቁም አልመጣላቸውም። ልጅቷ ከሥሯ «ያልታወቀች» ብላ ጻፈች። ያንን ስታነብላቸው አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

ሥራው ቀላል ነው፤ ወጪም የለውም ማለት ይቻላል። ፎቶውን ከፍሬሙ አውጥተው፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያስቀምጡት። የስልኩን ፍላሽ ያጥፉና ከላይ ቀጥ አድርገው ያንሱት። ከመስታወት ጋር የተጣበቀውን ግን በግድ አይላጡት፤ ምስሉ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ ያንሱት። ጀርባው ላይ ጽሕፈት ካለም እሱንም ያንሱ፤ አንዳንዴ ከፊቱ ይበልጣል።

ከዚያ ገጽ ማዘጋጀት ነው። ኮምፒዩተር ያለው በፓወርፖይንት፣ ስልክ ብቻ ያለው እንደ ካንቫ ባሉ በነፃ በሚያሠሩ መተግበሪያዎች፣ ሁለት ሦስት ፎቶ በአንድ ገጽ ላይ አሰናድቶ ከሥር መጻፍ ይችላል። ማን ነው? የማን ልጅ? የት? መቼ? ሙጫ፣ መቀስና ውድ ወረቀት አያስፈልግም። ኔትወርክ በማይኖርበት ቀንም ፎቶ ማንሳትና የአዛውንቱን ድምፅ መቅዳት ይቻላል። ድምፁን ከፎቶው ጋር ያስቀምጡት፤ አንድ ቀን ከፎቶው ይልቅ የሚናፍቀው እሱ ይሆናል።

ስለ ዘመን አቆጣጠር ይጠንቀቁ። ስልኩ የሚመዘግበው ፎቶውን የገለበጡበትን ቀን ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ሠርጉ የተደገሰው ደግሞ በእኛ ነው። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብለው ካልለዩት የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ስሕተት ለልጅ ልጅ ይወረሳል። ሲጨርሱ አልበሙን ስልክ ላይ ብቻ አይተዉት፤ ስልክ ይሰበራል፣ ይሰረቃል። አንድ ቅጂ በፍላሽ፣ አንድ ቅጂ ሌላ ቤት ባለ ልጅ ዘንድ ይኑር። ለሕዝብ ከማሰራጨትዎ በፊት ደግሞ ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ነርስ ሆኜ ከኖርኩበት ዘመን የያዝኩት ምክር አለኝ። በየሃያ ደቂቃው ዓይንን ከስልኩ አንሥቶ ለሃያ ሰከንድ ያህል ከስድስት ሜትር ወዲያ ያለን ነገር መመልከት ድካሙን ይቀንሳል። ዓይኑ የደከመ ሰው በሁለት ጣት ፎቶውን ማጉላት ይችላል፤ ከግድግዳ ላይ ያልለየውን ፊት እዚያ ይለያል። ሥራው አያጣድፍም፤ በቀን ሁለት ፎቶ ይበቃል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምሽቴን ከዜና ይልቅ በዚህ ማሳለፉ እንቅልፌን አቅንቶልኛል።

ደብረ ኤልያስ ይህን ነገር ከድሮ ታውቀዋለች። ቅኔ ለዕለቱ ተዘርፎ ያልፋል፤ ያው ቅኔ ለሌላ በዓል ተመልሶ አይቀርብም። የነጠረው ግን በሰሚው ቃል ይያዛል፤ ሲነገርም ከነባለቤቱ ስም፣ ከተባለበት ምክንያት ጋር ነው። ስሙና ምክንያቱ ከተረሳ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ፎቶም እንዲሁ ነው። በለቅሶ ቀን ጉርድ ፎቶ ፍለጋ ሳጥን የማይገለብጥ ቤት የለም፤ ስሙን የሚነግረን ሰው ግን ሳጥን ውስጥ አይገኝም።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቡና በኋላ ፍሬሙን አውርዱ። በቆንጆው ፎቶ አትጀምሩ፤ የሚያውቀው ሰው ብዛት ባነሰው ጀምሩ። ልጆቹ ስልኩን ይያዙ፤ ስሙን የሚናገረው ከቤቱ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጠው ይሁን።