ስለ ፎቶግራፍ ቀለም

በገለጉ ሰሊጥ በሚራገፍበት ወራት፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ወደ አንድ ክምር ቀረብ ብለህ ተመልከት። ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ነጭ ይመስላል፤ እጅህን ሰደህ ብትዘግን ግን ነጩም ቡናማውም ፍሬ ተቀላቅሎ ታገኘዋለህ። ዓይናችን ደቃቁን ነገር ከሩቅ መለየት ስለማይችል ያዋሕደዋል። በሰፊው የተሸጠው የመጀመሪያው የቀለም ፎቶግራፍ የተሠራው በዚሁ በዓይናችን ድካም ላይ ነው።

ሉሚዬር የተባሉት የሊዮን ወንድማማቾች በፈረንጅ አቆጣጠር በ1907 ለገበያ ያወጡት ይህ ሥራ ኦቶክሮም ይባል ነበር። ይኸውም እጅግ የላመ የድንች ስታርች (ለወጥ ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ድንች!) በሦስት ተከፍሎ፣ አንዱ ብርቱካንማ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ወይን ጠጅ የመሰለ ሰማያዊ ይነከርና ተቀላቅሎ በመስተዋት ላይ ይነሰነሳል። በመካከሉ የቀረው ክፍተት በጥላሸት ይደፈናል፤ በላዩም ብርሃን የሚሰማው መድኃኒት ይቀባል። ሥዕሉ ተነሥቶ ታጥቦ ሲያበቃ፣ ቀይ ብርሃን ባረፈበት ስፍራ ቀዩዋ ፍሬ ክፍት ሆና ትቀራለች፤ ሌሎቹን ጥቁር ይጋርዳቸዋል።

መልኩም ልዩ ነው፤ ለስላሳ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት የሚመስል። ወደ መስኮት ወይም ወደ መብራት ካልያዙት በደኅና አይታይም። ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ በቅጽበት በሚነሣበት ፀሐይ፣ ይህኛው አንድ ሁለት ሴኮንድ ቀጥ ብሎ መቆምን ይጠይቃል።

ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሲጭኑ፣ ሮበርት ሙር የተባለ አሜሪካዊ ይህን መስተዋት ይዞ አዲስ አበባ ነበር። ሥዕሎቹ በጁን 1931 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ታተሙ፤ እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አገላብጬዋለሁ። ለመቆም ጊዜ የነበራቸው ሰዎች የልብሳቸው ቀለም እስከ ዛሬ ይታያል። እንስራ አዝላ በጥድፊያ የምታልፍ ሴት ግን በዚያ መስተዋት ላይ ጭጋግ ከመሆን አታልፍም ነበር።

የእኛ ቤት ቀለም የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በ1956 ዓ.ም. እናቴ ጎንደር ወጥታ ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ተነሣች፤ አንሺውም በብሩሽ ጉንጯን ቀይ፣ ቀሚሷን ሰማያዊ ቀባው። እናቴ፣ «እንዲህ ያለ ቀሚስ መቼ ኖሮኝ!» እያለች ትስቅ ነበር፤ ቢሆንም ግድግዳው ላይ ሰቀለችው። ዛሬ የሰፈር ልጆች ፊታቸውን በስልክ አቅልተው ሲያሳዩኝ እርሷ ትዝ ትለኛለች። ልጆቹን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ያ ደብዛዛ መስተዋት ብርሃን ያላመጣለትን አይጨምርም ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ እውነተኛው ቀሚሷ ምን ዓይነት እንደ ነበር ከታላቅ እኅቴ ጋር ብዙ ጊዜ ተከራክረናል። እኔ ቡናማ ነበር እላለሁ፤ እርሷ አረንጓዴ ነበር ብላ ትምላለች።