ቄሱ ንጉሥ ሉማሜ ሲወርዱ

በፋሲካ ሰሞን ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም በአውቶቡስ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በ2010 ዓ.ም. እኔ በሄድኩበት ውስጥ እግሬ ስር የጎረቤቴ የዘይት ጀሪካን፣ ጭኔ ላይ የማላውቃት ሴትዮ ልጅ፣ እጄ ላይ ደግሞ ስልኬ ነበረ። ስልኬ ውስጥ ደግሞ አንድ ንጉሥ።

ንጉሡን ፈረንጆች ፕሬስተር ጆን ይሏቸዋል፤ ቄሱ ዮሐንስ እንደማለት ነው። ነገሩ የተጀመረው በወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1145 ኦቶ የሚባል የፍራይዚንግ ጳጳስ፣ ከወደ ሶርያ የመጣ ሌላ ጳጳስ የነገረውን መዘገበ፤ ከፋርስ ማዶ ቄስም ንጉሥም የሆኑ ኃይለኛ ክርስቲያን አሉ አለ። በ1165 ገደማ ደግሞ እሳቸው ጻፉት የተባለ ደብዳቤ ለቢዛንታዩ ንጉሠ ነገሥት ለማኑኤል ደረሰ። ጉራው ዓይን ያወጣ ነው። 72 ነገሥታት ይገብሩልኛል፣ በየቀኑ 30,000 ሰው ከገበታዬ ይበላል፣ አገሬን ሁሉ የማይበት መስታወት አለኝ፣ በግዛቴ ድሃ የለም፣ ውሸታምም የለም። (ውሸታም የለም የሚለው የተጻፈው በሐሰተኛ ደብዳቤ ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።) አውሮፓ ግን አመነች። በ1177 የሮማው ፓፓ አሌክሳንደር 3ኛ ሐኪማቸውን ፊሊጶስን ደብዳቤ አስይዘው ላኩት፤ የሐኪሙም የደብዳቤውም ወሬ እዚያው ቀረ። እስያ ተፈልገው ሲታጡ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ፍለጋው ወደኛ ዞረ። እግረ መንገዱንም አባይን የማገድና የማዞር ሥልጣን ተጨመረላቸው።

እኛም ያን ጊዜ አባይን ተሻግረን ደጀን ልንወጣ እያቃሰትን ነበር። ታዲያ እንቅልፍና ሙቀት ሲደባለቅ ሰውየው ከስልኬ ወጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሉማሜ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩላቸው።

እስቲ አስቡት። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ በደጀንና በደብረ ማርቆስ መሀል፣ አስፋልቱን ይዛ የተዘረጋች፣ ነጭ ጤፏን የምታምን ከተማ። ንጉሡ ከነመረግድ በትራቸው ወረዱ። ባለ ጋሪው «አባ፣ ወዴት ላድርስዎት?» አላቸው። ንጉሥነታቸውን ማንም አላወቀላቸውም፤ ቄስነታቸውን ግን ያላወቀ የለም። አንዲት እናት ጎንበስ ብለው «ይባርኩኝ አባቴ» ሲሉ መስቀል የላቸውምና በትሩን አሳለሙ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር። ችግሩ አንድ የቆሎ ተማሪ ቀረብ ብሎ «አባ፣ ቅኔ የት ተቀኙ?» ያለ ጊዜ መጣ። ጎጃም ውስጥ 72 ነገሥታት ባይገብሩልህ ማንም አይታዘብህም፤ ቄስ ነኝ ብለህ ቅኔ አለማወቅ ግን እንዴት ይሆናል?

ሆቴል ገቡ። በገበታቸው 30,000 ሰው ስለሚበላበት ሥጋ ሲያወሩ ባለቤቷ በድንጋጤ አማተበች። «አባቴ፣ ጾሙ መች ተፈታና! ያለው ሽሮ ነው።» ከዚያ መታወቂያ ያውጡ ተባለና ቀበሌ ሄዱ።

«ስም?»

«ዮሐንስ።»

«የአባት ስም?»

ዝም። ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ይህን የጠየቃቸው የለም።

«ሥራ?»

«ቄስ እና ንጉሥ።»

«አንዱን ይምረጡ አባቴ፣ ቅጹ ላይ ያለው ቦታ አንድ ነው። ካሉበት ቀበሌ መሸኛ ይዘዋል?»

መሸኛ አልያዙም። እንግዲህ የዚህ ዓለም ነገሥታት ሁሉ የሚረቱበት ቦታ ይህ ነው። ወጥተው መናኸሪያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

እዚህ ላይ ተዋቸውና ወደ ራሴ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ ያሰብኩት ከራሴ ለመሸሽ ነበርና። ያን ጊዜ የምሠራበት ቤት ፕሮጀክቱ አለቀ ብሎ ካሰናበተን ሁለተኛ ወሬ ነው። የቤት ኪራይ አልከፈልኩም። ወደ አገር ቤት የምሄደው ለፋሲካ ነው ቢባልም፣ እውነቱ እናቴን ብር ልጠይቅ ነው። ሉማሜ ግን የሚጠብቀው ሌላ ሰው ነበር። አጎቴ፣ አያ የምለው የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ስለ እኔ ለዓመታት ሲያወራ ኖሯል። በአንድ ስልክ ሰው አስቀጥራለሁ፤ ሚኒስትር ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። የቀረኝ መስታወቱ ብቻ ነው።

ገና ከመግባቴ ቤቱ ሞላ። አንዱ የልጁን ማስረጃ በፕላስቲክ ጠቅልሎ መጥቷል፤ ሌላዋ መድኃኒት የተጻፈበት ወረቀት ይዛለች፤ ቆርቆሮ የፈለገም ነበር። «አያ፣ እኔ እኮ የኮንትራት ሠራተኛ ነበርኩ» አልኩ። «አያችሁት!» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው፣ ራሱን ዝቅ ያደርጋል።»

በ1441 ከኢየሩሳሌም ገዳማችን ፍሎሬንስ ድረስ የሄዱ መነኮሳት የደረሰባቸው ይኸው ነው። በአገሩ አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ነግሠዋል፤ ጉባኤው ግን ስለ ፕሬስተር ጆን ይጠይቃቸዋል። ንጉሣችን እንዲህ አይባልም ቢሉ ማን ሰምቶ! ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው ፖርቱጋላዊም በ1487 ከአገሩ ወጥቶ፣ ስንት ባሕር አቋርጦ፣ ከአፄ እስክንድር ግቢ ደረሰ። ተቀበሉት፤ መሬትና ሚስትም ተሰጠው፤ መመለሻ ብቻ ተከለከለ። በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ሲመጡ እዚሁ አርጅቶ አገኙት። ባዕድ አገር የቀረው ፈላጊው እንጂ ተፈላጊው አልነበረም። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ሰንብቶ መጽሐፍ ጻፈ። ያየው ከቦታ ቦታ የሚጓዝ የድንኳን ከተማና ልብነ ድንግል የሚባል ወጣት ንጉሥ ነው። ግን በ1540 ሊዝበን ላይ ሲታተም ርእሱ ላይ ያው ፕሬስተር ጆን ወጣ።

እኔን የገረመኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው። አውሮፓ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የጠበቀችው ከዚህ ንጉሥ እርዳታ ነበር፤ በጦሩ ደርሶ ያድነናል ብላ። ልብነ ድንግል ግን በ1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ በኢማም አህመድ ከተሸነፉ በኋላ ከአምባ አምባ ሲሸሹ ኖሩ፤ በ1535 እርዱኝ ብለው ወደ ፖርቱጋል ላኩ። በክሪስቶፎር ዳ ጋማ የሚመሩ 400 ነፍጠኞች በ1541 ምጽዋ ሲወርዱ ንጉሡ ደብረ ዳሞ ላይ ካረፉ ወራት አልፈዋል።

ማዕዶት ዕለት፣ ሰዉ ሲበተን፣ እማዬ ቡና እየቆላች «ስንት ወር ነው?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የቤት ኪራዩ ነዋ።»

ደነገጥኩ። ማን ነገረሽ አልኳት።

«ድሮ ስትመጣ ስልክህ እየጮኸ ቡና አያስጠጣንም ነበር። ዘንድሮ ሦስት ቀን ሙሉ ጭጭ አለ።»

ከመቀነቷ ፈትታ የጤፉን ብር ሰጠችኝ። አልቆጠረችውም፣ እኔም አልቆጠርኩም። ለአያ እንዳትነግሪው ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ «ለወንድሜ ምንም አትበለው፣ ገበያ የሚወጣው አንተን እያወራ ነው» አለች።

በማግስቱ አያ ሊሸኘኝ መጣ። ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ፣ ረዳቱን «ፊት ወንበር ስጠው፣ ማንን እንደጫንክ አታውቅም!» ብሎ ተቆጣልኝ። አውቶቡሱ ሲነሣ መስኮቱን በመዳፉ እየመታ «የልጁን ነገር እንዳትረሳ!» አለ። በአንድ እጄ የብሩን ኪስ ያዝኩ፣ ሌላውን እንደ ንጉሥ ከፍ አድርጌ አወዛወዝኩለት።